ማማው ላይ የቆመው ልጅ ምንህ ነው?

ቢስሚላሂ አር-ረሕማኒ አር-ረሒም

 

ዛሬ ስለ ወፍ ጥበቃ እናወራለን። ርእሱ ለጁሙዓ የቀለለ ከመሰለህ ቆላ አላደግክም ማለት ነው። ሮቢት፣ ቆቦ፣ ጎብዬ ወይም ዋጃ ያደገ ሰው ማሽላው እሸት ሲይዝ ቤት ውስጥ ምን ዓይነት ጭንቀት እንደሚገባ ያውቃል። ግሪሳ ብቻዋን ምንም አይደለችም፤ በእፍኝ ትያዛለች፣ በቀን የምትበላውም ወደ 10 ግራም ነው። መቶ ሺህ ሆና ስትመጣ ግን በአንድ ቀን 10 ኩንታል ማለት ነው። ዓመት ሙሉ የተለፋበት ደጋሌት ባዶ አገዳ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ማሳው መሐል ማማ ይሠራል፤ ማማው ላይ ሰው ይወጣል። ወንጭፍ ይወነጭፋል፣ ጅራፍ ያጮኻል፣ ቆርቆሮ ይመታል። ጎሕ ሳይቀድ ወጥቶ ጀምበር ስትጠልቅ ይወርዳል። ግሪሳው በቀትር ጋብ ይል ይሆናል፤ ያን ጊዜም ቢሆን ማማው ባዶ አይተውም። ፍሬው እስኪጠነክር ድረስ እንዲህ ነው። ያ ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ ልጅ ነው።

ሰሞኑን አንድ የሮቢት ልጅ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ጥያቄ ጻፈልኝ። ፈቃዱን ጠይቄ፣ ማንነቱን የሚያሳውቀውን ትቼ አቀርበዋለሁ።

አጎቱ ዘንድሮ ለማሽላቸው ጠባቂ ያዙ። ከላይ ከደጋው የወረደ የ16 ዓመት ልጅ ነው፤ ክርስቲያን ነው። የክፍያ ነገር ሲነሣ አጎቱ «አንተማ ልጃችን ነህ፤ ከቤት እየበላህ ትቆያለህ፣ ማሽላው ሲገባ እናስብልሃለን» አሉት። ልጁም እሺ አለ። በ23ኛው ቀን የማማው አንድ እንጨት ተሰብሮ ወደቀ፤ ክንዱም ተሰበረ። ወጌሻ ዘንድ ወስደው አሳሰሩለት፣ የመሳፈሪያ ሰጥተው ወደ ቤተሰቡ ሸኙት። ተማሪው «የ23 ቀኑስ ሒሳብ?» ብሎ ቢጠይቅ አጎቱ ተገረሙ። «የምን ሒሳብ? ልጁ እኛን ሲያግዝ ነበር እንጂ ተቀጥሮ ነው እንዴ?»

«ኡስታዝ» ይላል ጥያቄው፣ «አጎቴ ሶላት የማያልፋቸው፣ እንግዳ የማይመልሱ ሰው ናቸው። እኔ ነኝ ነገሩን ያጋነንኩት ወይስ ልጁ ሐቅ አለው?»

ከመመለሴ በፊት አንድ ነገር መልሼ ጠየቅኩት። በእነዚያ 23 ቀናት አጎትህ ስንት ጁሙዓ ሰገዱ? ሦስት አለኝ። በሦስቱም ጁሙዓ ማሳው ላይ ማን ነበር? ልጁ አለኝ።

ፉቀሃኡ፣ ንብረቱ እንዳይጠፋበት የሚፈራ ሰው ጁሙዓን ለመቅረት ዑዝር እንዳለው ይናገራሉ። ግሪሳ የወረደበት ገበሬ ከዚህ ወገን ነው። አጎትህ ግን ዑዝሩ አላስፈለጋቸውም። ገላቸውን ታጥበው፣ ነጭ ለብሰው፣ ከመጀመሪያው ሰፍ ተቀምጠው ኹጥባ አዳምጠዋል። ይህን ያስቻላቸው ከአላህ ፈቃድ በታች የአንድ ልጅ እግር ነው፤ በፀሐይ ማማ ላይ የቆመ እግር። በዚያች ሰዓት እሱ ለአጎትህ ምን ነበር? የጥያቄው ሁሉ መነሻ ይህ ነው።

«እገዛ» የሚለው ቃል በእኛ አገር ክቡር ቃል ነው፤ በቀላሉ ልነካው አልፈልግም። ወንፈል አለን። ዛሬ የእኔን ማሳ ታርማለህ፣ ነገ የአንተን አርማለሁ። ማንም ገንዘብ አይቆጥርም፤ ቀን ግን ይቆጠራል። የወንፈል ቀን ሳይመልስ የቀረ ሰው በመንደሩ ምን እንደሚባል ታውቃለህ። ደቦ አለን። ባለማሳው ሰው ይጠራል፣ በልተው ጠጥተው፣ እየተቀባበሉ ሠርተው፣ ማታ መርቀው ይበተናሉ። የጠራም በሌላ ቀን ይጠራል። በ2013 ጥቅምት አንበጣው ራያ ቆቦ ላይ በወረደ ጊዜም አይተናል። ሰው የራሱን ማሳና የጎረቤቱን ማሳ ሳይለይ ወጥቶ ቆርቆሮ ሲመታ፣ ጨርቅ ሲያውለበልብ፣ ጅራፍ ሲያጮኽ ዋለ። ያን ቀን «ስንት ትከፍለኛለህ?» ያለ ሰው ቢኖር እኔ ራሴ አዝንበት ነበር። ያ እገዛ ነው።

አሁን ወደ ልጁ ተመለስ። ማሳ አለው? የለውም፤ ቢኖረው ቆላ አይወርድም ነበር። አጎትህ በመጪው ዓመት ደጋ ወጥተው ለእሱ ወፍ ይጠብቁለታል? ራሳቸውም ይስቃሉ። በአሥረኛው ቀን «ነገ አልመጣም፣ ደክሞኛል» ቢል ኖሮ «እግዜር ይስጥልን ልጄ፣ እስካሁን ያገዝከን ይበቃል» ይሉት ነበር? ወይስ «ውልህን አፍርሰህ ልታስጨርሰን ነው ወይ?» ይሉት ነበር? ቁጣው ውል መኖሩን ይመሰክራል። ለመቅረት ፈቃድ የሌለው፣ ብድሩም የማይመለስለት ሰው አጋዥ አይደለም። ሠራተኛ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ራሴ አንድ ነገር ካልነገርኩህ አስመሳይ እሆናለሁ። ልጅ ሆኜ፣ ደረሳ እያለሁ፣ እኔም የሸኻችንን ማሽላ ጠብቄአለሁ። ቁርኣኔን እዚያው ማማ ላይ እየደገምኩ፣ በየአንቀጹ መሐል ወንጭፍ እያሽከረከርኩ። ደመወዝ የሚባል ነገር በሐሳቤ አልመጣም። እየተማርኩ ነበር፣ እየበላሁ ነበር፣ ዱዓ ይደረግልኝ ነበር፤ ኺድማ ነው ብዬ በደስታ ነበር የምወጣው፤ ዛሬም አልጸጸትበትም። አብሮኝ የነበረ አንድ ልጅ ግን ከሁላችንም ብርቱ ስለነበረ፣ ዓይኑም ስለማይስት፣ ሁልጊዜ እሱ ነበር የሚላከው። በዚያ ወራት እኛ ጁዝእ ስንጨርስ እሱ ከነበረበት ፈቀቅ አላለም። ሊማር መጥቶ ሲጠብቅ ከረመ። ማንም ክፋት አላሰበበትም። ሁላችንም «ኺድማ ነው» አልን፤ ቃሉ አፋችንን ዘጋው። አሁን ሳስበው ያ ልጅ ወይ ትምህርቱን ወይ ክፍያውን ማግኘት ነበረበት፤ ሁለቱንም አላገኘም። አንተም በቤታችሁ «እንደ ልጃችን ነው»፣ «እንደ እህታችን ናት» የሚባሉትን ሰዎች ስታስብ ይህን አስብ። እንደ ልጅ ከሆነ ልጆቻችሁ የሚያገኙትን ያገኛል? ትምህርት ቤት ይሄዳል? ሲታመም እንደ እነሱ ሐኪም ቤት ይወሰዳል?

በቁርኣን፣ በሱረቱል ቀሰስ፣ እገዛና ቅጥር በአንድ ሰው ታሪክ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ሙሳ (ዐለይሂ ሰላም) ተሰድደው መድየን ሲደርሱ፣ እረኞች እስኪሄዱ ቆመው የሚጠብቁ ሁለት ሴቶች አገኙ። ከብቶቻቸውን አጠጡላቸው። ዋጋ አልተነጋገሩም፤ አጠጥተው ሲጨርሱ ጥላ ሥር ሄደው ጌታቸውን ለመኑ። ይህ እገዛ ነው፤ ንጹሕ እገዛ። ግን ተመልከት፣ የልጆቹ አባት ይህን ሲሰሙ «ደግ ሰው ነው፣ አላህ ይስጠው» ብለው አልተቀመጡም። ለማጠጣቱ ዋጋ ሊሰጡት አስጠሩት። ቀጥሎ አንዷ ልጅ ቅጠረው፣ ብርቱና ታማኝ ነው ስትል ነገሩ ወደ ቅጥር ተለወጠ። ያን ጊዜ ሁሉ ነገር ተነገረ። ዘመኑ ስምንት ዓመት፤ ዐሥር ቢሞላ ከሙሳ በጎ ፈቃድ የሚቆጠር፤ ክፍያውም የታወቀ። ሽማግሌው ላስቸግርህ አልፈልግም አሉት። ሙሳም ከሁለቱ ዘመን የትኛውን ብፈጽም በደል አይኑርብኝ ብለው ገደቡን አስቀመጡ፤ አላህንም ምስክር አደረጉ። ስደተኛ፣ ዘመድ የሌለው፣ ጥላ ሥር የተቀመጠ ሰው ነው ይህን ሁሉ የተደራደረው። ሽማግሌው ቢፈልጉ «እየበላህ ትቀመጣለህ፣ በኋላ እናስብልሃለን» ሊሉት ይችሉ ነበር፤ ምን አማራጭ ነበረው?

ነቢያችንም (ሰ.ዐ.ወ) በልጅነታቸው የመካ ሰዎችን በግ በቂራጥ ክፍያ ይጠብቁ እንደነበር ራሳቸው ተናግረዋል፤ በቡኻሪ ተዘግቧል። ተቀጥሮ የሚጠብቅ ልጅን ስታይ ይህን አትርሳ።

ወደ ፊቅሁ ስንመጣ፣ ዑለሞቻችን ተቀጣሪን ለሁለት ከፍለው ያዩታል። አንዱ «አጂር ሙሽተረክ» ነው፤ እንደ ልብስ ሰፊ ለብዙ ሰው የሚሠራ፣ ሥራውን ሲጨርስ ዋጋው የሚገባው። ሌላው «አጂር ኻስ» ነው፤ ጊዜውን ለአንድ ሰው የሰጠ። የዚህኛው ሐቅ የሚጸናው በተስማማው ጊዜ ራሱን ለሥራው ዝግጁ አድርጎ በማቅረቡ ነው። ወፍ ጠባቂ የዚህ ሁለተኛው ግልጽ ምሳሌ ነው። ግሪሳ አንድም ቀን ባይመጣ እንኳ ማማው ላይ ቆሟል፤ ቀኑ ሄዷል። «ዘንድሮ እኮ ወፍም አልነበረም» የሚል ባለማሳ የገዛው የልጁን ቀን እንጂ የወፎቹን ቁጥር እንዳልሆነ ረስቷል።

«እናስብልሃለን» የሚለው ውልስ? በኢጃራ ውል ክፍያው የታወቀ መሆን አለበት። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሠራተኛ ዋጋው ሳይነገረው እንዳይቀጠር መከልከላቸው ተዘግቧል፤ በሰንሰለቱ ላይ ሙሐዲሶች ቢነጋገሩም ሐሳቡን ፉቀሃኡ ተቀብለው ሠርተውበታል። ምግቡን እንደ ክፍያ መቁጠር ላይ መዝሀቦች ይለያያሉ፤ ማሊኪዎችና ሐንበሊዎች የአካባቢው ልማድ ከታወቀ ይፈቅዳሉ፣ ሻፊዒዎች አይፈቅዱም። «ከሚገባው ማሽላ ላይ» ማለት ግን ስንት እንደሚገባ፣ ከዚያም ስንት እንደሚደርሰው ያልታወቀ ነገር ነው። ታዲያ ውሉ ጎደሎ ነው ማለት ልጁ ምንም የለውም ማለት ነው? ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይስታል። ውሉ ጎደሎ ሆኖ ሥራው ከተሠራ «ኡጅረቱል ሚስል» ይገባዋል፤ ማለትም በዚያ ወቅት፣ በዚያ አካባቢ፣ እንደዚያ ላለ ሥራ ሰው የሚከፍለው ክፍያ። የውሉ ጉድለት የባለማሳው መጠቀሚያ አይሆንም። አጎትህ ጎረቤቶቻቸውን «ዘንድሮ ለጠባቂ በቀን ስንት ከፈላችሁ?» ብለው ቢጠይቁ በአንድ ቡና ስኒ ጊዜ መልሱን ያገኙታል። በ23 ማባዛት ነው የቀረው።

አገራችን ሕግም ከዚህ ሩቅ አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሥራ ውል የሚለው፣ አንድ ሰው በሌላው አመራር ሥር ለተወሰነ ወይም ላልተወሰነ ጊዜ፣ ወይም አንድ የታወቀ ሥራ፣ በደመወዝ ለመሥራት ሲስማማ ነው። የወቅት ሥራን ያውቃል። ውሉ በጽሑፍ አለመሆኑ የሠራተኛውን መብት አያስቀርም። ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ መቅጠርን ይከለክላል፤ ከ15 እስከ 18 ያለውን ወጣት በቀን ከ7 ሰዓት በላይ ማሠራት አይፈቅድም። በዓይነት የሚከፈል ነገር በጥሬ ገንዘብ ከሚከፈለው 30 በመቶ እንዳይበልጥ ይገድባል። ለግሉ ዘርፍ ዝቅተኛ ደመወዝ ግን ገና አልተወሰነም፤ የሚወስን ቦርድ እንደሚቋቋም ነው አዋጁ የሚለው። ስለዚህ «ሕጉ ስንት ይላል?» ብለህ ብትጠይቅ ቁጥር አታገኝም፤ ቁጥሩን ለአንተ ሕሊናና ለገበያው ትቶታል። ጎሕ ሳይቀድ ወጥቶ ጀምበር ስትጠልቅ የሚወርድ የ16 ዓመት ልጅ ስንት ሰዓት እንደቆመ ግን አንተም መቁጠር ትችላለህ።

ስለ ግብር የሚጠይቁኝ ደግሞ ሌሎች ናቸው። በቆቦ ጊራና መስኖ መሬት ተከራይታችሁ ሽንኩርትና ቲማቲም የምታለሙ ወጣቶች አላችሁ፤ ማሻአላህ። ለነቀላ፣ ለአረም፣ ለጭነት የቀን ሠራተኛ ትይዛላችሁ። አንዳንዶቻችሁ «ሠራተኛ ናቸው ካልኩ የግብር ጣጣ ይመጣብኛል፤ ስለዚህ ዘመዶቼ ናቸው፣ ሊያግዙኝ ነው የመጡት እላለሁ» ትላላችሁ።

መጀመሪያ ነገሩን በልኩ እንየው። በ1994 የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 286፣ በቋሚነት ያልተቀጠረና በ12 ወር ውስጥ ለአንድ አሠሪ ከአንድ ወር በላይ ያልሠራ የቀን ሠራተኛን ከግብር ነፃ ያደርግ ነበር። እሱን የተካው አዋጅ ቁጥር 979/2008 ነው። በዚህ አዋጅ ከወር ደመወዝ 600 ብር ድረስ ግብር አይቆረጥም ነበር፤ በ2017 ሲሻሻል ይህ ወለል ወደ 2,000 ብር ከፍ ብሏል። በምሳሌ ብናሰላው፣ አንድ ሰው በቀን 300 ብር እየተከፈለው ስድስት ቀን ብቻ ቢሠራልህ 1,800 ብር ነው፤ ከወለሉ በታች ነው። ወሩን ሙሉ ቢውል ግን ያልፋል፤ ቆርጦ የማስገባቱ ግዴታም የአሠሪው ነው። የአንተ ሠራተኞች የት ላይ እንደሚወድቁ ወቅቱ ሳይጀምር ከወረዳው ገቢዎች ጽሕፈት ቤት ሄደህ ጠይቅ፤ ጠይቆ ማወቅ አያዋርድም።

በዚህ አጋጣሚ የሚገርም ነገር ልንገርህ። በእንግሊዝ ገጠር ባለጠጎች ለመዝናናት ወፍ ያድናሉ። ከቁጥቋጦው ወፉን እያስወጡ ወደ ተኳሾቹ የሚያባርሩ የቀን ሰዎች አሉ። እኛ ወፍ የምናባርረው እንጀራ ለማዳን ነው፤ እነሱ ጋ ለጨዋታ። የእነዚህ ሰዎች ጉዳይ ግን እዚያም አከራክሯል፦ አጋዥ ናቸው ወይስ ተቀጣሪ? የግብር መሥሪያ ቤታቸው ከአዝመራ ሰብሳቢዎች ጋር አንድ ላይ መመሪያ አውጥቶላቸዋል። ለአንድ ቀን ወይም ከዚያ ላነሰ ጊዜ ተይዘው፣ የዕለቱን ተቀብለው፣ ለሌላ ቀን ሳይዋዋሉ ከሄዱ አሠሪው ግብር መቁረጥ አይጠበቅበትም። ልብ በል፤ የቀለለው ግብሩ ነው። ሠራተኛነታቸው አልተሰረዘም።

ብዙዎቻችን የምንሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ግብር የማይቆረጥበት ሰው ክፍያም የማይገባው ይመስለናል፤ ወይም ግብሩን ለመሸሽ ስንል ሰውየውን ራሱን ከመዝገብ እንሰርዘዋለን። አንተ ስለ ግብር ያለህ ቅሬታ ከመንግሥት ጋር ነው፤ ቅሬታህ እውነትም ሊሆን ይችላል፣ ዛሬ አልከራከርህም። ሽንኩርት የሚነቅልልህ ሰው ግን በዚያ ክርክር ውስጥ የለበትም። «ዘመዴ ነው» ብለህ ከጻፍከው፣ እጁን ማጭድ ቢቆርጠው ምንህ ሊሆን ነው? ዘመድህ? ዘመድህ ከሆነስ ማሳከም አይብስብህም? ከዚህ የከፋው ደግሞ «ግብር ቆርጬብሃለሁ» ብሎ ከሠራተኛው ላይ ወስዶ ለራሱ የሚያስቀር ነው። ይህ በአንድ እጅ ሁለት ሐቅ መብላት ነው፤ የሠራተኛውንም የሕዝቡንም።

ስለ ዘካም ላንሣ፤ በዚህ ወር ሦስት ሰው ጠይቆኛል። በዝናብና በጎርፍ የበቀለ ማሽላ ዘካው ከዐሥር አንድ ነው፤ በሞተር እየተሳበ በወጪ የጠጣ ከሃያ አንድ። አንዳንድ ባለማሳ ለሙስሊም ጠባቂው አንድ ጆንያ ያሸክመውና በልቡ ዘካም ደመወዝም አድርጎ ይነይታል። አይሆንም። ደመወዝ የእሱ የራሱ ሐቅ ነው፤ ዕዳህ ነው። በዘካህ ዕዳህን ከከፈልክ ከኪስህ ያወጣኸው ነገር የለም። ደመወዙን ከፍለኸው ከዚያ በኋላ ድሃ ሆኖ ካገኘኸው ዘካ ስጠው፤ ያን ጊዜ ሁለቱም በቦታቸው ይሆናሉ።

ተማሪው በጥያቄው መጨረሻ ላይ አፍሮ የጻፋት አንዲት መስመር ነበረች። «ልጁ ክርስቲያን መሆኑ ለውጥ አለው?»

የለውም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እና አቡበክር (ረ.ዐ) ከመካ ሲሰደዱ መንገድ መሪ የቀጠሩት ከበኒ ዲል ወገን የሆነ፣ ገና በሕዝቡ ሃይማኖት ላይ የነበረ ሰው ነው። ግመሎቻቸውን አስረከቡት፤ ከሦስት ሌሊት በኋላ ሰውር ዋሻ እንዲያመጣላቸው ቀጠሩት። ሕይወታቸውን በእጁ ሰጡት፤ እሱም ቃሉን ጠበቀ። በሐዲሰ ቁድሲይም አላህ በትንሣኤ ቀን ባላንጣቸው እንደሚሆን የተነገረባቸው ሦስት ሰዎች አሉ፤ አንዱ ሠራተኛ ቀጥሮ ሥራውን በሙሉ ተቀብሎ ዋጋውን የከለከለ ነው። ሐዲሱ «ሠራተኛ» ነው የሚለው፤ የሠራተኛውን ሃይማኖት አልጠየቀም። በሮቢት ከጎረቤትህ ጋር በሐዘንም በደስታም ስትኖር ይህን ከእኔ በተሻለ ታውቀዋለህ።

ስለ ክንዱ። በፊቅህ፣ ማማው የተበላሸ መሆኑን ባለማሳው እያወቀ ወይም ማየት ሲገባው ሳያይ ልጁን ካወጣበት፣ ጥፋቱ የእሱ ነውና ተጠያቂነት ይኖርበታል። ስለዚህ አጎትህን ማማውን ማን እንደሠራው፣ እንጨቱ የስንት ዓመት እንደሆነ ጠይቅ። አዋጁ ከዚህም አልፎ፣ በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ ኃላፊ ያደርገዋል፤ ሕክምናውንም ያሸክመዋል። ወጌሻ ማሳሰር መልካም ነው፣ አጎትህን አላህ ይመንዳቸው። ግን የ16 ዓመት ልጅ ቀኝ እጅ ነው። አጥንቱ በትክክል መግጠሙን በራጅ ያየ ሰው አለ? ነገ ማረሻ የሚይዘው በዚያ እጅ ነው።

ይህን ሁሉ ከነገርኩት በኋላ ተማሪው ሌላ ጭንቀት አመጣ። እሳቸው ያሳደጉት አጎቱ ናቸው፤ «አንተ ተማርኩ ብለህ ልትከሰኝ ነው?» ቢሉትስ? እውነት ነው፣ በእኛ ቤት ታላቅን ማረም ከባድ ነው። በሰው ፊት እንዳያነሣው፣ አዋጅ በቁጥር እንዳይጠራባቸው ነገርኩት። የዋሻውን ሐዲስ እንዲያጫውታቸው መከርኩት፤ በቡኻሪም በሙስሊምም ያለውን። ሦስት ሰዎች ዋሻ ውስጥ ቋጥኝ ሲዘጋባቸው እያንዳንዱ በበጎ ሥራው አላህን ለመነ። ሦስተኛው ሠራተኛ የቀጠረ ሰው ነበር። ሠራተኛው ክፍያውን ሳይወስድ ሄደ። አሠሪው ያችን እህል ዘራት፣ ደጋገማት፣ ከብትና እረኛ እስኪሆን አባዛት። ከዘመናት በኋላ ሠራተኛው «ሐቄን ስጠኝ» ብሎ ሲመጣ ሁሉንም ንዳው አለው፤ ሰውየው የሚቀልድበት መሰለው። በቡኻሪ በአንዱ ዘገባ ያች ክፍያ አንድ ስፍር «ዙራ» ነበረች። ዙራ ማለት ከእኛ ማሽላ ወገን ነው።

ትናንት ማታ ተማሪው መልሶ ጻፈልኝ። ታሪኩን ከመግሪብ በኋላ ቡና ላይ አጫወታቸው። አጎቱ ሰምተው ዝም አሉ፤ ስኒያቸውን አዙረው አዙረው አስቀመጡ። ከዚያ የጎረቤታቸውን ስም ጠርተው «እነሱ ለጠባቂያቸው በቀን ስንት ነበር የከፈሉት?» አሉ። ባለቤታቸው ከጓዳ ሆነው ቁጥሩን ተናገሩ፤ ያውቁት ነበር ለካ። አጎቱ «የልጁ ስልክ አለህ?» አሉት። ልጁ ስልክ የለውም። የወንድሙ እንደሆነ የሚያስበው አንድ ቁጥር ነበረው፤ ደወሉ፣ አይሠራም። አሁን ከዚያ አገር ወደ ገበያ የሚወርድ ሰው እየጠየቁ ናቸው። ገንዘቡ ተቆጥሮ፣ በወረቀት ተጠቅልሎ፣ የልጁ ስም ተጽፎበት፣ ሙስሐፉ ካለበት መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል።

ወላሁ አዕለም። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።